ሞራ የማይወደው ቀለበት

ያ ዓርብ ቤታችን ውስጥ የነበረው ትልቁ ችግር ውሻችን ነበር። ለማሳቅ ብዬ አይደለም። ኋላ የመጣውን ሳስበው፣ ችግሩ ውሻ ብቻ የሆነ ቤት እንዴት የታደለ ቤት ነው እላለሁ።

ላስረዳ። አባታችን አንድ ጋሪ ነበራቸው። ጣሊያን ሲወጣ ጥሎት የሄደ፣ ሁለት ክብ የእንጨት እግር ያለው፣ በበቅሎ የሚጎተት ጋሪ ነው። በይፋግ በኩል ባለው የፎገራ ሜዳ ከእኛ በቀር ጋሪ ያለው ቤት አልነበረም። ስለዚህ እንኮራለን። የምንኮራበት ጋሪ ግን ሲሄድ ይጮሃል። ዝም ብሎ ሲጢጥ ማለቱን አይደለም የምላችሁ። ጅብ የያዛት አህያ እንደዚያ አትጮህም። የወረታ ነጋዴዎች ገና የርብን ድልድይ ስንሻገር መምጣታችንን ይሰሙ ነበር። እሺ፣ ይህን እንኳ እኔ ነኝ ያጋነንኩት።

ጩኸቱን ለማብረድ አባታችን የብረቱን ዘንግ ሞራ ይቀቡታል። ሞራውን የሚያኖሩበት የበሬ ቀንድ ነበራቸው። ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካውም። ማታ ቀብተው ይገባሉ፤ ጠዋት ውሻው ልሶ ልሶ ዘንጉን መስተዋት አስመስሎት ይገኛል። አንድ ክረምትማ ጅብ መጥቶ የእግሩን እምብርት፣ ዘንጉ የሚገባበትን እንጨት ማለቴ ነው፣ አኝኮት ሄደ። “ጋሪያችንን ጅብ በላው” ብሎ ለሰው መናገር እንዴት እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል። የደረሰበት ደግሞ በአገሩ እኛ ብቻ ነን።

ወንድሜ ደሳለኝ፣ እኔ “አያ” የምለው ታላቄ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በመንገድ ሥራ ካምፕ ከመካኒኮች ጋር ሠርቶ በነሐሴ ተመለሰ። ሦስት ዓመት ከርሞ የሚመለስ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አገሩ ያውቃል። ለአባቱ ካቦርት፣ ለእናቱ ቀሚስ፣ ለራሱ ጃንጥላ። አያ የመጣው በመሃረብ የተጠቀለሉ ሁለት ነጭ ቀለበቶች ይዞ ነው። የጣት ቀለበት እንዳይመስላችሁ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥመው የሚሠሩትን ክብ ያህላሉ። ወፈር ያሉ፣ ግን እንደ ቡሽ የቀለሉ።

እናታችን አገላብጣ አየቻቸው። “የዝሆን ጥርስ ነው?”

“ናይለን ነው፣ እማዬ።”

“ናይለን ደግሞ ምን የሚሉት አውሬ ነው?”

“አውሬ አይደለም። ላስቲክ በይው፤ ግን ጠንካራ ላስቲክ። የካምፑ ቶርነሪ፣ ብረት ጠራቢው፣ ነው የጠረበልኝ። ለጋሪው ነው።”

ጎረቤታችን ግራዝማች ይመር እዚያው ነበሩ። ግራዝማች ሁልጊዜም እዚያው ናቸው። በሰው ቤት የሚደረግ ነገር ሁሉ እሳቸው ካላዩት የተደረገ አይመስላቸውም። ሳቁ፣ ሳቁና “ሦስት ዓመት ለላስቲክ!” አሉ።

አያ አልተቆጣም። ትዕግሥቱ ያናድደኝ ነበር። ቁጭ ብሎ ያስረዳ ጀመር። “መኪና እግር ውስጥ ኩሽኔታ የሚባል አለ። ሁለት የብረት ቀለበት ነው፤ መሃላቸው ትንንሽ የብረት ኳሶች አሉ። ኳሶቹ ይንከባለላሉ፤ ብረት ከብረት አይፋጭም። ይኼ ግን ኳስ የለውም። ዘንጉ የሚንሸራተተው በራሱ በቀለበቱ ገላ ላይ ነው። ገላው ልስልስ ነው። ሞራ አይፈልግም።”

“ሞራ አይፈልግም?” አሉ አባታችን። ቀንዳቸውን ከግድግዳው ላይ አዩት። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሎሌ የተባረረባቸው ነው የመሰሉት።

“እንዲያውም አይወድም፣ አባዬ። ሞራ አቧራ ይሰበስባል። አቧራና ሞራ ተለውሶ ሞረድ ይሆናል፤ ዘንጉን ይሞርደዋል።”

“እሱ ራሱስ አይበላም?”

“ይበላል እንጂ። ሥራው እኮ እሱ ነው። እሱ እያለቀ ዘንጉን ያድናል። ሲያልቅ አውጥቶ ሌላ መክተት ነው። ዘንግ ከመለወጥ አይሻልም?”

እኔ ዝም ብዬ መስማት አልቻልኩም። ምክንያቱም ሁለተኛ ደረጃ ተምሬአለሁ። በዚያ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ልጅ ምን ዓይነት ፍጡር እንደነበረ የማታውቁ ዕድለኞች ናችሁ። ሰበቃ ስለሚባለው ነገር ሁለት ገጽ ሙሉ በደብተሬ ጽፌአለሁ። ስለዚህ ሁሉንም አውቃለሁ። “እንዲህ ያለ ግሩም ነገር ከሆነ መኪናው ሁሉ ለምን በዚህ አይሄድም?” አልኩት፤ አንገቴን ቀና አድርጌ።

“ለፈጣን ነገር አይሆንማ፣ አስኳላው።” አስኳላው የሚለኝ እሱ ነው። “ብረት ሙቀቱን ያስተላልፋል፤ ይኼ አያስተላልፍም። ቶሎ ቶሎ ከዞረበት ይግልና ይለሰልሳል። የሚስማማው ቀስ ብሎ የሚዞር፣ ጭቃና ውሃ የማይለየው ነገር ነው። የእኛን በቅሎ ስትፈጥን አይተሃት ታውቃለህ?”

ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። በቅሎዋም የሳቀች መሰለኝ።

ከዚያ አያ የባሰ ነገር አደረገ። ቀለበቶቹን በውሃ በተሞላ ማሰሮ ከትቶ ሰባት ቀን ዘፈዘፋቸው። “ይኼ ዘር ውሃ ይጠጣል” አለኝ። “ሲጠጣ ያብጣል። አብጦ ሲያበቃ ነው ልኩን የምወስድለት። አለዚያ ደርቆ የተለካው በክረምት ዘንጉን አንቆ ይይዘዋል።” ለእኔ ነው የነገረኝ። ለሌላ ለማንም አይደለም። ይህን አስታውሱልኝ።

ሰባት ቀን ግን ለግራዝማች ይመር ረጅም ጊዜ ነው። በሁለተኛው ቀን “ልጁ አጥንት እየዘፈዘፈ ነው” አሉ። በአራተኛው ቀን የሰው አጥንት ሆነ። በስድስተኛው ቀን እናታችን ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሸሸት አደረጉባት። አያ በዚያ ላይ የእግሩን እምብርት ሊያስፈለፍል በመንደሩ ባለ እጅ ቤት እየዋለ፣ ከሰውዬው ጋር ወናፍ እየነፋ፣ አብሮ ቆሎ እየቆረጠመ ይመለስ ነበር። የጨዋ ልጅ ከቀጥቃጭ ጋር! የሚያርሱበትን ማረሻ የሚሠራላቸው እሱ ነው፤ ማረሻውን ይወስዳሉ፣ ሰውዬውን ቡዳ ይሉታል። አገሬ እንዲህ ያለ አገር ነው። እኔም የተማርኩት ሰውዬ፣ ከመንገድ ሳገኘው ሰላምታዬን በአገጬ ነበር የምሰጠው።

እንግዲህ ያ ዓርብ ደረሰ። አያ ቀለበቶቹን በእግሮቹ እምብርት ከተታቸው፤ ዘንጉን አሳለፈ። በዘንጉና በቀለበቱ መሃል የደብተር ሽፋን ያህል ክፍተት ተወ። በጣቱ ገፋ አደረገው። እግሩ ዞረ። ዞረ፤ አሁንም ዞረ። ድምፅ የለም። ውሻው መጥቶ ዘንጉን አሸተተ፤ አዘነና ሄደ።

በቅሎዋን አስረን ግቢውን አዞርናት። ምስኪን፣ ጩኸቱን ስላጣች ጋሪው የቀረ መስሏት በየሁለት እርምጃው ዞራ ታያለች። እናታችን እልል አለች። አባታችን ግን ቀንዱን በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

ግራዝማች ቀረቡ። እግሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወዲያና ወዲህ ነቀነቁት። ትንሽ ተነቃነቀ።

“ይወላገዳል!” አሉ። “ይኼ ምኑ እግር ነው? የእኔ ጥርስ ነው እንጂ!”

“ክፍተቱ ሆን ተብሎ ነው፣ ግራዝማች” አለ አያ። “መተንፈሻው ነው።”

“እግር በምኑ ነው የሚተነፍሰው? አፍንጫ አለው?”

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አፈርኩ። ሰባት ቀን ሙሉ የሆዴን በሆዴ ይዤ ቆይቼ፣ በመጨረሻ አያን ከሰው ሳቅ ላድነው ቆረጥኩ። ልብ በሉ፣ ላድነው ነው ያልኩት። እግዚአብሔር ከሚያድን ዘመድ ይሰውራችሁ።

ከሰዓት በኋላ አያ የባለ እጁን መዶሻ ሊመልስ ሄደ። እኔ ከባዶ የላምባ ቆርቆሮ ላይ ሁለት ቀጫጭን ቁራጭ ቆረጥኩ። እግሮቹን ነቀልኩ፤ ቆርቆሮውን በቀለበቱና በእንጨቱ መሃል ከተትኩት፤ በድንጋይ መትቼ አስገባሁት። ቀለበቱ ወደ ውስጥ ጠበበ። ዘንጉን ግጥም አድርጎ ያዘ። ነቀነቅሁት፤ ንቅንቅ የለም። የተማረ ሰው እጅ እንዲህ ነው አልኩ ለራሴ። ቀለበቱ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል የተባለው አንዴም ትዝ አላለኝም። በደብተሬ አልተጻፈማ።

ማታ ራት በላን። አያ በእኔ እንግሊዝኛ እየቀለደ እናታችንን አሳቃት። ውጭ ዝናቡ ጣለ። ስንተኛ ይዘንብ ነበር፤ ስንነሳም ይዘንብ ነበር። ተራ ቀን ነበር፤ ተራ ቀን በእሱ አበቃ።

ቅዳሜ የወረታ ገበያ ነው። መስከረም ገብቷል፤ ሰው ሁሉ ለዘር የሚሆን ሽንብራ ይፈልጋል፤ እኛ ሁለት ጆንያ ነበረን። ጫንን። በቅሎዋ ጎተተች። ጋሪው ተከተላት፤ እግሮቹ ግን አልዞሩም። ዋልካው ጭቃ ላይ እየተንሸራተቱ ሁለት ፈር አወጡ። እንደዚያ ያለ የተስተካከለ ፈር በአገሩ ታይቶ አይታወቅም።

“ጋሪ ነው ሞፈር ነው ያመጣህልን፣ ደሳለኝ?” አሉ ግራዝማች። ዝናቡ ውስጥ ቆመው ነበር። ለዚህ ሲሉ ነው የማለዱት።

ከዚያ ምክር ይዘንብ ጀመር። አንዱ ወደ ኋላ ግፉት አለ፤ ገፋነው፤ ሌላ ሁለት ፈር። አንዱ በሬ ጥመዱበት አለ፤ ጠመድን፤ በሬዎቹ እርሻ መስሏቸው በደስታ ወደ ማሳው ይዘውት ሊሄዱ ነበር። አንዲት ሴት የፈላ ውሃ ይፈታዋል ብላ በማንቆርቆሪያ አምጥታ አፈሰሰችበት። ላበጠ ቀለበት የፈላ ውሃ ጨመሩለት! ከዚያ በኋላማ አልነቃነቅ አለ። ጠበል ያመጣም ነበር። ጠበሉንም ጠጣው።

አያ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። እጆቹን አያቸው፤ ጥፋቱን እዚያ የሚያገኘው ይመስል። “ክፍተት ትቼለት ነበር እኮ” አለ። “ሰባት ቀን አጠጥቼዋለሁ። ከዚህ በላይ ሊያብጥ አይችልም። ማን ነው የነካው?”

አየኝ። አየሁት።

“ዝናቡ ይሆናል” አልኩ።

ይህችን ቃል ተናግሬ አላፈርኩም። ለእግር መወላገድ ያፈርኩት ሰው፣ ለውሸት አላፈርኩም።

ረፍዷል፤ ትንሽ ከቆየን ገበያው ይበተናል። ጋሪው ቢሄድ ኖሮ መንገዱ አንድ ነው፤ በጥርጊያው፣ በድልድዩ። ጋሪ በመልካ፣ ድልድይ በሌለው የወንዝ መሻገሪያ፣ አያልፍም። በቅሎ ግን ትሻገራለች፤ በመልካው የሄደ ሰው መንገዱን ግማሽ ያህል ያሳጥራል። አያ አንዱን ጆንያ በቅሎዋ ላይ ጫነ።

“ርብ ሞልቷል” አለችው እናታችን።

“ትናንት ስንት ሰው ተሻግሮታል፣ እማዬ።” ወደ እኔ ዞረ። “ስመለስ ከፍቼ አየዋለሁ። እስክመጣ እንዳትነካው፣ አስኳላው።”

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቅሎዋ ብቻዋን መጣች። እስከ ጀርባዋ ረጥባለች። ጆንያው ወደ ሆዷ ዞሮ ተንጠልጥሏል።

ስለዚያ ከሰዓት የምጽፈው ትንሽ ነው። ከመልካው በታች፣ ደንገሉ ውስጥ አገኙት። ያገኘው ባለ እጁ ነው። ጨዋዎቹ ዳር ላይ ቆመው ምክር ሲሰጡ እሱ ልብሱን አውልቆ ገባ። ተሸክሞት ወጣ። ያን ቀን ማንም ቡዳ ነው አላለውም፤ ማለቱን የቀጠሉት በሳምንቱ ነው።

ግቢያችን በለቀስተኛ ሞላ። ግራዝማች ይመር ከአባታችን ጎን ተቀመጡ። አለቀሱም፤ እውነቱን ልናገር፣ ከልባቸው ነው ያለቀሱት። ሲጨርሱ ግን እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው “ያ አጥንት ነው” አሉ። “ብዬ ነበር። በቤት የገባ ክፉ ነገር ባለቤቱን ሳይበላ አይወጣም። ጋሪው እንኳ አልሄድም ያለው አውቆ ነው።”

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነው፣ እውነት ነው።

አባታችን “ከቀብር ስንመለስ ቀለበቶቹ ርብ ይጣሉ” አሉ። “ጋሪው ይቃጠል። ልጄን ያ ነገር ነው የገደለው።”

እኔ ከምሰሶው ሥር ተቀምጫለሁ። አፌን መክፈት ነበረብኝ። ሁለት ገጽ ስለ ሰበቃ የሚያውቅ ሰው አንዲት ቃል አጣ። ወንድሜን ውሃ ወሰደው፤ ስሙን ደግሞ እኔ አፌን ዘግቼ ለግራዝማች ሰጠሁት። ከእንግዲህ ደሳለኝ የሚባል ልጅ ነበር፣ አጥንት ዘፍዝፎ ሞተ ሊባል ነው። ልጆቻቸውን ሊያስፈራሩበት ነው።

እሑድ ሲነጋ ዝናቡ አባርቷል። ቀሳውስቱ ገና አልመጡም። ወንዶቹ በራችን ላይ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል፤ ቃሬዛ የሚያበጁ አሉ። እኔ ከቤቱ ጀርባ ወደ ጋሪው ሄድኩ። “እስክመጣ እንዳትነካው” ብሎኛል። ነካሁት።

እግሩን ለመንቀል ትከሻዬ ተላጠ። በመጨረሻ ወጣ። ቆርቆሮው ይኸውና፣ እንዳስገባሁት። ከቆርቆሮው ጋር ግን ያላስገባሁት ነገር አገኘሁ። ሞራ ነው። ነጭ፣ ትኩስ፣ እስከ ውስጥ ድረስ በጣት የተለቀለቀ። በአገሩ ሞራ የሚያኖር ብዙ ሰው አለ። የእኛን ዘንግ ማታ ማታ የሚቀባ ግን አንድ ሰው ነው። ዓርብ ማታ ሁላችንም ስንተኛ እሳቸውም በዝናቡ ወጥተው ልጃቸውን አድነውት ኖሯል። ትናንት “ያ ነገር ነው የገደለው” ሲሉ ድምፃቸው ለምን እንደዚያ እንደጠነከረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቆርቆሮዎቹን አወጣሁ። ሞራውን በነጠላዬ ጠረግሁ። ቀለበቶቹን አየኋቸው፤ በአንዱ ላይ የድንጋዬ ምት ትንሽ ምልክት አለ እንጂ ምንም አልሆኑም። መልሼ ከተትኳቸው። እግሮቹን መለስኩ። የደብተር ሽፋን ያህሉ ክፍተት በቦታው ነበር። ሰባት ቀን የፈጀበት ክፍተት። በጣቴ ገፋ አደረግሁት።

ዞረ።

በቅሎዋን አስሬ ወደ ዋርካው ነዳኋት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ተስፋ ያደረግሁት ጋሪው እንዲናገርልኝ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል፣ ጋሪው መሄዱን ያያል፣ ይገባዋል፣ እኔም ሳልናገር እገላገላለሁ። ማንም አልዞረም። ድምፅ የለውማ። ከጀርባቸው ቆሜ ሳለሁ ግራዝማች ስለ አጥንቱ እያወሩ ነበር። ጋሪው አልጮኸልኝም። መናገር የነበረብኝ እኔው ነኝ።

“አባዬ” አልኩ።

ዞሩ። ሁሉም ዞረ። ጋሪውን ሲያዩ ግራዝማች ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሡ።

ሁለቱን ቆርቆሮዎች አባታችን እግር ሥር አስቀመጥኩ። “ይኼን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ዓርብ ከሰዓት። አያ ክፍተት ትቶለት ነበር፤ እኔ ነኝ የደፈንኩት። ያነቀው ይኼ ነው። ማን ነካው ሲለኝ ዝናቡ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ።”

አባታችን ቆርቆሮዎቹን ሳይሆን ነጠላዬን ነበር የሚያዩት። ሞራው ታትሞበታል። ለብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ “ሞራውስ?” አሉ።

“ሞራው አልያዘውም፣ አባዬ። እሱ ምንም አላደረገም። የያዘው ቆርቆሮው ነው።”

ተነሥተው የጋሪው እግር አጠገብ ሄዱ። መዳፋቸውን በእንጨቱ ላይ አሳረፉ። እኔን አላዩኝም፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ አላዩኝም። ቃሬዛ ለሚያበጁት ሰዎች ግን “ተዉት” አሏቸው። “በዚህ ይሂድ።”

አያን በጋሪው ላይ አሳረፉት። የበቅሎዋን ልጓም ይዤ ከፊት ሄድኩ። በቅሎዋ በየሁለት እርምጃው ዞራ ታያለች። ግራዝማች ይመር ከኋላ በኩል የጋሪውን እግር ተጠግተው፣ ጆሯቸውን ጥለው፣ ሲጢጥ እስኪል እየጠበቁ ተከተሉን። ዋልካውን አለፍን። ድንጋዩን አለፍን። ዳገቱን ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ ገና እየጠበቁ ነበር።